በ1974ቱ የጀርመን ፊልም «ፍርሃት ነፍስን ይበላል» ዓሊን በምን እንመዝነው?

ጥያቄ

ለፊልም ታሪክ ትምህርት በማዘጋጀው ጽሑፍ፣ ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር በ1974 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለእይታ ያበቃውን ይህን የምዕራብ ጀርመን ፊልም ለመመዘን እየሞከርሁ ነው። ታሪኩ በሙኒክ በጽዳት ሥራ የምትተዳደር ኤሚ የተባለች በዕድሜ የገፋች መበለት፣ በብዙ ዓመት የሚያንሳትን፣ ዓሊ የሚባል ሞሮኳዊ ሠራተኛ በማግባቷ በሁለቱ ላይ የሚደርሰውን መገለል ያሳያል። «ዋናው ገጸ ባሕርይ ስደተኛ ነውን? ተዋናዩስ ከዚያው ሕዝብ የተገኘ ነውን?» የሚለውን መመዘኛ ስሞላ መልሱ ሁሉ «አዎ» ሆነ፤ ዓሊን የሚጫወተው ኤል ሄዲ ቤን ሳሌም ራሱ ሞሮኳዊ ነበርና። ሆኖም ፊልሙን አይቼ ስጨርስ ኤሚን በደንብ ያወቅኋት፣ ዓሊን ግን ከሩቅ ያየሁት መስሎ ተሰማኝ። ይህን ስሜት እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

የመጀመሪያ መልስ

መመዘኛዎ የሚቆጥረው መልክን ነው፤ ስምንና ድምፅንም ይመልከቱ። «ዓሊ» የሰውየው ስም ሳይሆን ጀርመኖቹ የሰጡት መጠሪያ ነው፤ እውነተኛ ስሙን ለኤሚ ከነገራት በኋላ እንኳ እሷም ዓሊ እያለች ትጠራዋለች። በፊልሙ ውስጥ የምንሰማውም የቤን ሳሌምን ድምፅ ሳይሆን በላዩ የተቀዳ የሌላ ተዋናይ ድምፅ ነው። በእኔ እምነት ከፊልሙ ጉድለቶች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ሌላው ጉድለት በታሪኩ ውስጥ ሲተች፣ ይህኛው ከካሜራው ጀርባ የተፈጸመ ነውና።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተባለው ብስማማም፣ ፊልሙ ራሱ ይህን ርቀት እንደሚያውቅ መዘንጋት የለበትም። ባልደረቦቿ ያገለሏት ኤሚ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ምሳዋን ስትበላ በመደገፊያው ፍርግርግ መካከል ትታየናለች። ቆየት ብሎ ከዩጎዝላቪያ የመጣች ዮላንዳ የተባለች አዲስ ሠራተኛ በዚያው ደረጃ ላይ እንዲሁ ብቻዋን ስትቀመጥ፣ ኤሚ ከአግላዮቹ ጋር ሆና እናገኛታለን። እነዚያኑ ሴቶች ቤቷ ጋብዛም የባሏን ጡንቻ እየዳሰሱ እንዲያዩ ትፈቅዳለች፤ እሱ አንድ ቃል ሳይናገር ይቆማል። እዚህ ላይ ዝምታው ይናገራል ባይ ነኝ። ዘመኑንም ያስቡበት፦ ምዕራብ ጀርመን ከሞሮኮ ጋር የሠራተኛ ስምምነት የተፈራረመችው በ1963 ሲሆን፣ የውጭ ሠራተኛ መቅጠሯን ያቆመችው በኅዳር 1973 ነው።

ሦስተኛ መልስ

ኩዌት በሰው ቤት ስሠራ አሠሪዬ ስሜ ለአፏ ስለከበዳት በመጣሁበት ዕለት ሌላ ስም አወጣችልኝ፤ አራት ዓመት በዚያ ስም ተጠራሁ። ስለዚህ እኔን የነካኝ የኩስኩሱ ትዕይንት ነው። ዓሊ ኩስኩስ ሲያምረው ኤሚ የጀርመንን ኑሮ እንዲለምድ ትነግረዋለች፤ እሱም ወጥቶ ሌላ ሴት ዘንድ ይሄዳል። ብዙዎች እንደ ክህደት ብቻ ያዩታል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት የአገሩ ምግብ የናፈቀውን ሰው ነው። በጽሑፍዎ ለዚህ ትዕይንት ቦታ ቢሰጡት ደስ ይለኛል። ርዕሱንም «ይበላል» ብለው ባያቃኑት እመርጣለሁ፤ ጀርመንኛው ሰዋስው ያልጠበቀ የዓሊ የራሱ አነጋገር ስለሆነ «ፍርሃት ነፍስ መብላት» ቢባል ይቀርበዋል።

የጠያቂው ምላሽ

እኅቴ፣ አመሰግናለሁ። ርዕሱን እንዳሉት አስተካክዬዋለሁ፤ የድምፁንም ነገር በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስገባዋለሁ።