«ኤስካሌድ» በአማርኛ ምን ይባላል? (መኪናውን አይደለም)

የደሴው ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወይ። ስለ መቅደላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። እንግሊዞቹ አምባውን በ«ኤስካሌድ» ያዙት ይላል። እኔ የማውቀው ኤስካሌድ ካዲላክ የሚሠራውን ያንን ግዙፍ መኪና ነው። «ምሽግ ሰብረው ገቡ» ብዬ ጻፍኩና ለአጎቴ አነበብኩለት። እዚያው መቅደላ አካባቢ የተንታ ሰው ነው፣ «ምኑን ነው የሰበሩት?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ቃሉ ከየት መጣ? በአማርኛስ ምን ልበለው?

ቃል ለቃሚ፦
አጎትህ ልክ ናቸው። መስበር ማለት በሩን ወይም ግንቡን በመድፍ ንዶ መግባት ነው። ኤስካሌድ ግን ግንቡን ሳይነኩ መሰላል አስደግፎ ከላይ መውጣት ነው። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ወሰደው፣ ሥሩ ደግሞ ላቲን ነው፦ «ስካላ»፣ መሰላል። ጣልያኖች ዛሬም ደረጃን ስካላ ይላሉ። የደመወዝ ስኬል የምንለውም ከዚያው ነው። ደግሞ እኛም ጋ ያው ነው፤ «ደረጃ» ስንል ፎቅ የምንወጣበትም የሥራ እርከኑም ነው፣ «ማዕረግ»ም በግዕዝ «ዐርገ» ከሚለው፣ ወጣ ከማለት የመጣ ነው። እስካሌተርም፣ ራሱ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ፣ ከዚሁ ቃል የተፈጠረ ነው፣ ያም ቢሆን ቆመህ ትወጣለህ እንጂ ማንም ትኩስ ነገር አይደፋብህም።

ጦሳ ሥር፦
የሥጋ ቤቱ ስኬልም ከዚያ ነው በለኛ 😀

ቃል ለቃሚ፦
አይደለም! የሚዛኑ ስኬል ሌላ ቃል ነው፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ፣ ትርጉሙም ጎድጓዳ ሳህን። በድምፅ ብቻ ነው የተገጣጠሙት። ትኩስ ነገር ያልኩት ግን ቀልድ አይደለም። እንደ ፈረንጅ በ1602 ታኅሣሥ ውስጥ የጎረቤት ግዛቱ የሳቮይ መስፍን ወታደሮች በሌሊት በመሰላል ጄኔቫ ሊገቡ ሲሉ አንዲት እናት የሚፈላ የአትክልት ሾርባ ከነድስቱ ለቀቀችባቸው ይባላል። ጄኔቫዎች በየዓመቱ ቀኑን «ኤስካላድ» ብለው ያከብሩታል፣ የቸኮሌት ድስት ይሰብራሉ።

ኩታበር፦
ሾርባውን ተዉትና ወደ መቅደላ እንመለስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የአምባው መግቢያ ኮኬት በር ላይ ሲደርሱ የእንግሊዝ መሐንዲሶች በር ማፍረሻውን ባሩድም መሰላሉንም ረስተው መጥተዋል! ያን ሁሉ መንገድ በዝሆን ጭነው መጥተው፣ ወላሂ። በሩ ደግሞ ከውስጥ በድንጋይ ተደፍኗል። ከ33ኛው ክፍለ ጦር ሁለት ወታደሮች፣ በርጊንና ማግነር፣ ገደሉን ቧጥጠው ወጡ፣ የእሾህ አጥሩን በሳንጃ ቀደዱና አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ ተሻገረ፣ ከዚያ ጓደኛውን ጎተተው። ለዚህ ነው ሁለቱም የእንግሊዝን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ፣ የቪክቶሪያ መስቀልን፣ የተሸለሙት። ስለዚህ «በመሰላል ወጡ» ካልክም ትሳሳታለህ፣ መሰላሉ የሰው ትከሻ ነበር።

የደሴው ልጅ፦
ተባረኩ! እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ ሰው «ኤስካሌድ» ብሎ ማለፉ ራሱ ይገርማል። «ቅጥሩን ተንጠላጥለው ወጡ» ብል ይሄዳል? ወይስ «አጥር ዘለው ገቡ»?

ቃል ለቃሚ፦
ተንጠላጥለው ይሻላል። አጥር ዘለው ካልክ ሌባ አስመሰልካቸው።

ኩታበር፦
እና የንጉሡን ዘውድ፣ ታቦቱን፣ ብራናውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ የሄደ ምን ሊባል ነው?

የደሴው ልጅ፦
በቃ፣ አጎቴን ጠየቅኩት። «አጥር ዘለው ገቡ» በል ብሎኛል።