የእህቴ ልጅ ጁዶ ካልተማርኩ ብላለች፤ ስለ ናታሊ ፓወል የምታውቁ?

የጮቄ ልጅ፦
ሰላም ጎበዝ። ፍኖተ ሰላም ነኝ። የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው፤ ስልክ ላይ ናታሊ ፓወል የምትባል የዌልስ ጁዶ ተጫዋች አይታ ልቧ ሸፍቷል። እናቷ «ሴት ልጅ ደግሞ ምን ትግል አላት?» ትላለች። ሴትዮዋ የገጠር ልጅ ናት የሚባለው እውነት ነው? ደግሞ አንዴ ለዌልስ፣ አንዴ ለብሪታንያ ይላሉ፤ ግራ ገባኝ።

ማርቆስ ሰፈር፦
አዎ፣ የገጠር ልጅ ናት። ፖዊስ በሚባል የዌልስ አውራጃ ውስጥ ቢውላ የምትባል ትንሽ መንደር፣ በግ የሚረባበት አገር። ኦሎምፒክ ላይ ዌልስ የራሷ ቡድን ስለሌላት በብሪታንያ ስም ነው የሚገቡት፣ ኮመንዌልዝ ላይ (ብሪታንያና በአብዛኛው የቀድሞ ግዛቶቿ የነበሩ አገሮች የሚገጥሙበት ውድድር) ግን ዌልስ ለብቻዋ ትሰለፋለች። በ2014 ግላስጎው ላይ ከ78 ኪሎ በታች ወርቅ የወሰደችው ለዌልስ ነው። በ2016 ሪዮ ሄደች፤ በኦሎምፒክ ጁዶ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ የዌልስ ሴት እሷ ናት፣ 7ኛ ወጣች። በ2017 ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች፣ በዚያው ዓመት በዓለም ደረጃ 1ኛ ሆነች። ከብሪታንያ ሴቶች ቀድማት እዚያ የደረሰች የለችም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ እንዳትከራከሩኝ።)

አባይ ማዶ፦
እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ወርቁን ወስዳ፣ የዓለም 1ኛ ተብላ፣ በ2018 የጎልድ ኮስት ኮመንዌልዝ ሲመጣ ጁዶ ጭራሽ ከውድድሩ ውስጥ የለም! የተመለሰው በ2022 በርሚንግሃም ላይ ነው። 8 ዓመት እኮ ነው! ስፖርተኛ ስንት 8 ዓመት አለው?

የቢቸናው፦
ለእህትህ ንገራት፣ ጁዶ ቡጢም እርግጫም የለበትም። ልብስ ይዞ መጣል ነው። በጉልበትና በፍጥነት በጀርባው ዘርግቶ የጣለ እዚያው ላይ ያሸንፋል፤ ኢፖን ይሉታል። እረኛ ሳለን መስክ ላይ የምንገጥመው ትግል በለው። ልዩነቱ እነሱ መጀመሪያ የሚማሩት አወዳደቅ ነው፣ እኛ ግን ያንን የሚያሳየን ስላልነበረ እኔ ክንዴን ተሰብሬ ወጌሻ ጠገነኝ፣ እስካሁን ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። አሰልጣኝና ምንጣፍ ሳይኖር መጣጣል እንዳትጀምር።

የጮቄ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እናት አወዳደቅ ይማራሉ ስትባል ትንሽ ለዘብ ብላለች። አሁን ጠቡ በገለባ ሆኗል፤ ልጅቱ ምንጣፍ እሠራለሁ ብላ ሦስት ጆንያ ሞልታ ደብቃለች፣ እናት ደግሞ በሬዎቹ ምን ይብሉ እያለች ነው።