የተፈቀደልኝ የዓመት ፈቃድ ዛሬ ተሰረዘ፤ የአደን ቡድኑ ደግሞ ነገ ሌሊት ይነሣል

ሳቢያን፦
ጤና ይስጥልኝ። ጊዜ ስለሌለኝ በአጭሩ እጽፋለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቀደም ብሎ ተፈርሞ የተሰጠኝን የዓመት ፈቃድ የፈረቃ ኃላፊዬ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቃል ሰርዞብኛል፤ ምክንያቱም አንድ ባልደረባችን ስለታመመ የሌሊቱ ፈረቃ ሰው አጥቷል የሚል ነው። መኪናው ግን ነገ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምዕራብ ሐረርጌ ወዳለው የአደን ቦታ፣ ወደ ዲንዲን ይነሣል። አዳኙ እንግዳ ከውጭ ገብቷል፤ እኔም ቀብድ ተቀብያለሁ። ከሁለቱ ሥራዎች አንዱንም ማጣት አልፈልግም። በአደን ሥራ ያላችሁ ሰዎች መደበኛ ሥራችሁን ከአደኑ ጋር የምታስታርቁት እንዴት ነው? እባካችሁ ዛሬ ማታውኑ መልሱልኝ።

የደንገጎ ዳገት፦
ወንድሜ፣ ፈረቃ ከሚቀይርህ ሰው ጋር ተነጋገር። ችግሩ የሰው እጥረት ከሆነ ሰው አምጣላቸው፤ ሌላ ክርክር አያስፈልገውም።

መምህሩ ከሐረር፦
ከሁሉ አስቀድሞ አደኑ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን አልገለጽክልንም። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን በወንጀል ያስቀጣል። ዲንዲን ካልክ ደግሞ ነገሩ የሚያያዘው ከደጋ አጋዘን ጋር ሲሆን፣ ይህ እንስሳ ከባሌ፣ ከአርሲና ከምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ነው። ኩኒ ሙክታር ላይ መጠለያ የተከለለለትም ስላሳሰበ ነው። እኛ ሐረርጌዎች ባቢሌ ላይ የዝሆን መጠለያ ይዘን ዝሆኖቹ በሕገ ወጥ አዳኝ እጅ ሲያልቁ እያየን፣ አንድ ሰው «አደን ልሄድ ነው፣ ፈቃድ ከለከሉኝ» ሲል ዝም ብለን የፈረቃ ምክር መስጠታችን አልተዋጠልኝም። የትኛውን ፈቃድ ነው የከለከሉህ?

ሳቢያን፦
መምህር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። እኔ ተኳሽ አይደለሁም፤ የቡድኑ ቆዳ ገፋፊ ነኝ። ድርጅቱ ፈቃድ አለው፤ የሚታደነው በተሰጠው ኮታ ልክ ነው፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪም አብሮን ይሰፍራል። የተከለከልኩት የዓመት ዕረፍቴን ነው።

ጀጎል ማታ፦
አቦ፣ ሐረር መጥተህ ሥራ እንጂ! እኛ ዘንድ አውሬው ራሱ የሥራ ሰዓት ያከብራል። ጅቦቹ ፈላና በር የሚመጡት ሰው ሁሉ ከሥራ ከወጣ በኋላ ነው፤ የሚያበላቸውም ሰው ቀን ሌላ ጉዳዩን ጨርሶ ማታ ሥጋውን ይዞ ይወጣል። የፈረቃ ኃላፊም የለበት፣ ኮታም የለበት። ለመሆኑ ያ አጋዘን በመጀመሪያው ሌሊት ይወድቃል ብሎ የነገረህ ማን ነው? ጎበዝ አዳኝ እንኳ ተራራ ለተራራ ሲንከራተት ይሰነብት የለም? ቆዳ ገፋፊ ደግሞ ቆዳ እስኪገኝ ድረስ ድንኳን ውስጥ ሻይ ከመጠጣት በቀር ምን ያደርጋል?

የለገሃር ሹፌር፦
ጀጎል እየቀለደ ቢሆንም የመጨረሻው ጥያቄው ቁም ነገር ስላለው እመለስበታለሁ። እኔ የአደን እንግዶችን ለዓመታት አመላልሻለሁ፤ ስለዚህ የጠየቅከውን በቀጥታ ልመልስ። በእኛ አገር ከአደን ብቻ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው አላየሁም ማለት እችላለሁ። ፈቃድ ያላቸው ፕሮፌሽናል አዳኞች እንኳ ክረምት ሲገባና አደኑ ሲቆም ወይ መኪና ያከራያሉ፣ ወይ ጎብኚ ይዘው ይዞራሉ፣ ወይ እርሻቸውን ያያሉ። ዱካ ተከታዮቹ የዚያው አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፤ የእነርሱ ጭንቀት ካንተ ይብሳል፤ ምክንያቱም ኅዳርና ታኅሣሥ ማሽላ የሚታጨድበት ወቅት ስለሆነ፣ አጋዘኑን ሲከተሉ ሰብላቸውን ዝንጀሮ ይበላባቸዋል። ብዙዎቹ አጨዳውን ለወንድም ወይም ለልጅ ትተው ይመጣሉ፣ ከደመወዙም ያካፍላሉ። እንግዶቹ ራሳቸው ሥራ ፈት ሀብታሞች ብቻ አይደሉም፤ እኔ ካሳፈርኳቸው ውስጥ የጥርስ ሐኪም፣ የሕንፃ ተቋራጭና ከብት አርቢ ነበሩባቸው፤ ጉዟቸውን ከመነሻቸው በፊት ብዙ ወራት ቀድመው ይይዙና የሥራቸውን ፕሮግራም በዚያ ላይ ይሠራሉ። አደንን ከሥራ ጋር ማስታረቅ ማለት በአብዛኛው ቀኑን ቀድሞ አስሮ፣ በወረቀት ላይ አስፍሮ፣ የሚተካ ሰው አዘጋጅቶ መቆየት ነው።

ከዚራ 02፦
ይቅርታ አድርግልኝና፣ ጥያቄህ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ሁለቱን ሥራዎች እኩል አድርገህ ነው ያቀረብካቸው፤ እኩል ግን አይደሉም። ፋብሪካው በየወሩ ካንተ 7 በመቶ ቆርጦ፣ ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ለጡረታህ ያስገባልሃል። የአደን ካምፑ ቀብድና ጉርሻ ይሰጥሃል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንግዳ ካልመጣ ግን ማንም አያውቅህም። ኮሮና በገባበት በ2012 ዓ.ም. እንግዳ በቀረ ጊዜ የካምፕ ሠራተኞች ምን ይበሉ እንደነበር የለገሃሩን ሹፌር ጠይቀው። ቀብዱን መልሰህ ሥራህ ላይ ብትቆይ ይሻላል።

የለገሃር ሹፌር፦
ጫት እየጫንኩ አወዳይና ድሬ ስመላለስ ነበር፤ አልተራብኩም። ቢሆንም የጡረታው ነገር እውነት ነው።

የማኅበር ሰው፦
ሕጉ ስላልተነሣ ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሆኖ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመርበታል። ሦስት ሳምንት የሚፈጅ አደን በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 18 የሥራ ቀናት ይወስዳል፤ ስለዚህ አምስት ዓመት ያልሠራ ሠራተኛ ፈቃዱን በሙሉ ቢያወጣ እንኳ አይበቃውም፤ ይህን አስቀድመህ አስላ። አሠሪው ለሥራው ሁኔታ ሲል ፈቃዱን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ግን ሊያራዝመው አይችልም። ስለዚህ ኃላፊህ ሕግ ጥሷል ብለህ አትጩህ፤ ነገር ግን የተፈረመ ፈቃድ በቃል ስለተሰረዘ፣ ነገ ጠዋት ሳይሆን ዛሬ ማታ ለሰው ኃይል አስተዳደሩ በጽሑፍ አሳውቅና ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቅ። አብረህም ፈቃዱ ለሁለት ተከፍሎ እንዲሰጥህ አመልክት፤ ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ይህ ይፈቀዳል። ዝም ብለህ ግን እንዳትሄድ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀናት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። በንዴት ልልቀቅ ብትልም የሠላሳ ቀን ቅድመ ማስታወቂያ መስጠት አለብህ፤ መኪናው ያን ያህል አይጠብቅህም።

ደቻቱ፦
የሐኪም ወረቀት አውጣና ሂድ፤ ማን ያውቃል?

የማኅበር ሰው፦
ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ በራሱ ከሥራ ያስባርራል፤ ከዚያም አልፎ ወንጀል ነው። ከእንግዳው ጋር የተነሣኸው ፎቶግራፍ ድሬ ከመድረስህ በፊት ይደርሳል።

የደንገጎ ዳገት፦
እኔ እኮ መጀመሪያውኑ ብያለሁ፤ ፈረቃ የሚቀይርህ ሰው ፈልግ።

ሳቢያን፦
የሚቀይረኝ አንድ ሰው አለ፤ እርሱ ግን የሚገኘው የያዝነው ሳምንት ካለቀ በኋላ ነው። እስከዚያ ቡድኑ ያለ ቆዳ ገፋፊ ሊሄድ ነው?

የለገሃር ሹፌር፦
እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የደጋ አጋዘን አደን የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚፈጀው ተራራ ላይ ተቀምጦ በመነጽር ሸለቆ በማየት ነው፤ ሽማግሌው ወንድ እስኪለይ ድረስ አይተኮስም። ስለዚህ ቡድኑን ለሚመራው ፕሮፌሽናል አዳኝ አሁኑኑ ደውልና ከሳምንት በኋላ በሕዝብ ማመላለሻ በቁሉቢና በሒርና በኩል ጭሮ እንደምትደርስ፣ ከዚያ መኪና እንዲቀበልህ ንገረው። ከቀብዱም የቀረህበትን ቀን ልክ አስብለት፤ ሳይጠይቅህ ብትነግረው ለሚቀጥለው ዓመትም ይጠራሃል። ይህ ግን ዋስትና የለውም፤ በሁለተኛው ቀን ወድቆ ያየሁበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ቆዳው በዚያው ቀን ተገፎ ጨው ካልበላ፣ በተለይ ጆሮውና ከንፈሩ አካባቢ፣ ጠጉሩ ይረግፋል፤ እንግዳውም ያን ያህል ዶላር የከፈለው ለእርሱ ነው። ስለዚህ ካምፑ ውስጥ ጆሮ መገልበጥ፣ ማለትም የጆሮውን ቆዳ ሳይቀድ ገልብጦ መግፈፍ የሚችል ማን እንዳለ ጠይቅ። ብዙውን ጊዜ ከዱካ ተከታዮቹ አንዱ ይችላል፤ የቀብድህን ግማሽ ለእርሱ ልቀቅለት።

ከዚራ 02፦
ይህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ግን የሰው ኃይል አስተዳደሩ እሺ ካለ ብቻ።

የለገሃር ሹፌር፦
እሺ ባይልም ጨውህን ዛሬ ማታ መኪናው ላይ ጫነው፤ ደቃቁንና ደረቁን፣ ከሚያስፈልገው በላይ አድርገህ። ቢላዋዎችህን ግን አትላክ፤ ወጥ ቤቱ ሽንኩርት ይከትፍባቸዋል።