የእንጦጦው የአደባባይ ትርኢት ለተራራው ሥር ነዋሪ ምን ያተርፋል?

ሐሳብ አቅራቢው፦
በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የአዲስ አበባን አመሠራረትና የአድዋን ዘመቻ በፈረስና በመብራት የሚያሳይ የምሽት ትርኢት ቢዘጋጅ የአካባቢው ኑሮ ይነቃቃል ብዬ አምናለሁ። የከሰል ማዕድን ዘመኗ አልፎ የተዳከመችው የእንግሊዟ ቢሾፕ ኦክላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪንረን የተባለውን ትርኢት ስትጀምር፣ የሁለት ሺህ ዓመት ታሪክ በሜዳ ላይ ያሳዩት አንድ ሺህ ገደማ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ፒዊ ዱ ፉ የተባለው የፈረንሳይ ትርኢትም እ.ኤ.አ. በ1978 በገጠር ሰዎች ተጀምሮ ነው ዛሬ ግዙፍ ፓርክ የሆነው።

የታሪክ መምህር፦
ወንድሜ፣ ፒዊ ዱ ፉ ታሪክን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል ተብሎ ከአገሩ የታሪክ ምሁራን ትችት እንደደረሰበትም ሊጠቅሱ ይገባ ነበር። በአድዋ ብዙዎቻችን እንስማማለን፤ የከተማዋ አመሠራረት ግን በዚህ ተራራ ግርጌ ቀድሞ ይኖር ለነበረው የቱለማ ኦሮሞ ልጅ የመፈናቀል ታሪክ ጭምር ነው። ድርሰቱን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ፈረሱ ብዛት መነጋገር አይቀድምም።

ከተራራው ሥር ያደገች፦
እናቴ ያሳደገችኝ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ እያወረደች ነው። የምፈራው ተመልካቹ በአውቶቡስ መጥቶ፣ አይቶ፣ እራቱን ቦሌ ሄዶ እንዳይበላ ነው፤ ለእኛ የሚቀረው የበቆሎ ጥብስ መሸጥ ብቻ ይሆናል። በጀርመኗ ኦበርአመርጋው፣ እ.ኤ.አ. ከ1634 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ገደማ በሚቀርበው የሕማማት ትርኢት፣ ተዋናይ ለመሆን እዚያው መወለድ ወይም ሃያ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ደንብ ከወጣ እደግፋለሁ።

አስጎብኚ፦
አውሮፓውያኑ የሚያሳዩት በበጋቸው ነው፤ ያ ወቅት ለእኛ ክረምት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በኅዳር ሌሊት ለሁለት ሰዓታት ያህል የሚቀመጥ ሰውም ጋቢ ይዞ መምጣት አለበት። ከቀኑ 10 ሰዓት ተጀምሮ ጀምበር ስትጠልቅ ቢያልቅ የመብራቱም ወጪ ይቀራል። (ፈረሶቹንም በጨለማ ቁልቁል መንዳት አያስፈልግም።)

ሐሳብ አቅራቢው፦
የሰዓቱን ተቀብያለሁ፤ ድርሰቱም የቱለማ ሽማግሌዎች ባሉበት ይጻፍ። ሃያ ዓመቱ ግን ይበዛል፤ በቅርቡ ወደ ኮንዶሚኒየም የገባውን ወጣት ሁሉ ያስቀራል። አሥር ቢሆንስ?

ከተራራው ሥር ያደገች፦
ለተዋናይነት አሥር ይሁን። በሜዳው ዙሪያ ለሚከፈተው ሱቅና ምግብ ቤት ግን ሃያው እንዲጸና እጠይቃለሁ።