ኮሞዶር 64፦ ሜሞሪው ባዶ ሆኖ ሳለ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ይለኛል

ባለዲስኬት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያሉኝን ፍሎፒ ዲስኮች የሚመዘግብ ፕሮግራም ኮሞዶር 64 በሚባለው አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ላይ በቤዚክ (አብሮት በሚመጣው የፕሮግራም ቋንቋ) እየጻፍኩ ነው። ስሞቹን በፊደል ተራ የሚደረድር አጭር የማሽን ኮድ (ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚረዳው ፕሮግራም) ደግሞ «ሶርት» በሚል ስም ለብቻው ዲስኩ ላይ አለ፤ የሚቀመጠው አድራሻ 49152 ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ሳበራ እንደ ወትሮው 38911 ባይት ነጻ ነው ይላል። ሶርትን በ«,8,1» ሎድ ሳደርገው (ከዲስክ ወደ ራሱ አድራሻ ስጭነው) ያለምንም ችግር ይገባል። ቀጥዬ ዋናውን ፕሮግራም ሎድ ስል ግን «አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር» (ሜሞሪ አልቋል) ብሎ እምቢ ይለኛል። ሶርት እኮ 300 ባይት እንኳ አይሞላም! ሜሞሪውን ምን በላው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የዲስኩን ዝርዝር ሳወጣ አንድ የሴኩዌንሻል ፋይል (መረጃ በተከታታይ የሚጻፍበት) ከዓይነቱ ፊት ኮከብ ምልክት አለበት፣ መጠኑም 0 ብሎክ (የዲስክ ቦታ መለኪያ) ይላል። ፕሮግራሙ እየጻፈበት ሳለ ነበር ኮምፒውተሩ የጠፋው። ብሰርዘው ችግር አለው?

ፒክና ፖክ፦
ወንድሜ፣ ሜሞሪህን የበላው ነገር የለም። ቤዚክ ፕሮግራሙ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው የሜሞሪ ቦታ 45 እና 46 ላይ ከተጻፈው አድራሻ ነው። ከኪቦርድ በቀጥታ ሎድ ስትል የመጣው ነገር የማሽን ኮድ ይሁን የቤዚክ ፕሮግራም አይለይም፤ ፋይሉ ያለቀበትን አድራሻ እዚያው ይጽፈዋል። የቤዚክ ጣሪያ 40960 ነው፣ ሶርት ደግሞ ያለቀው ከ49152 በላይ ነው። ስለዚህ ቤዚክ ከጣሪያው በላይ የተሞላ ይመስለዋል፤ ቀጥለህ የምትጽፈውን የፋይል ስም የሚይዝበት ቦታ እንኳ ያጣል።

በዓይንህ እየው። ኮምፒውተሩን እንዳበራህ ፕሪንት ፒክ(45)+256*ፒክ(46) በል (ፒክ የሜሞሪ ቦታ ውስጥ ያለውን ቁጥር ያነባል)፣ 2051 ይሰጥሃል። ሶርትን ካስገባህ በኋላ ድገመው፣ ከ49152 የሚበልጥ ቁጥር ታያለህ። ከዚያ «ኒው» (የቤዚክ ፕሮግራምን የሚያጠፋ ትዕዛዝ) ብለህ እንደገና ብትጠይቀው ወደ 2051 ይመለሳል። ኒው 49152 ላይ የተቀመጠውን አይነካም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሶርት፣ ኒው፣ ከዚያ ዋናው ፕሮግራም ነው። ዋናውን አስቀድመህ ኒው ካልክ ግን ፕሮግራምህን ታጣለህ።

ገጽ ዜሮ፦
ትክክል ነው፣ ግን ሁልጊዜ በእጅ ከምታደርገው ለፕሮግራሙ ተውለት። የመጀመሪያውን መስመር እንዲህ አድርገው፦

10 ኢፍ ኤ=0 ዜን ኤ=1:ሎድ "ሶርት",8,1

ሎድ ከፕሮግራም ውስጥ ሲጠራ 45 እና 46ን አይቀይርም። ሎድ ሲያበቃ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው መስመር እንደ አዲስ ይነሳል፣ ተለዋዋጮቹ ግን ዋጋቸውን ይዘው ይቆያሉ። «ኤ=1» የተባለው ለዚሁ ነው፤ እሱ ከሌለ ሶርትን እየደጋገመ ሲጭን ይኖራል።

አንድ ምክር ልጨምር። የምትመዘግበው ብዙ ከሆነ እውነተኛው የሜሞሪ እጥረት የሚመጣው ከአሬዎቹ (በአንድ ስም ብዙ ዋጋ ከሚይዙ ዝርዝሮች) ነው። በአንድ አሬ ውስጥ መደበኛ ቁጥር ለእያንዳንዱ 5 ባይት ይይዛል፣ ስሙ ላይ የፐርሰንት ምልክት (%) ያለበት ሙሉ ቁጥር ግን 2 ባይት ብቻ። ከ0 እስከ 1500 የሚሄድ የዓመተ ምህረት አሬ ካለህ 7505 ባይት የነበረው ወደ 3002 ይወርዳል። ነጠላ ተለዋዋጭ ላይ ግን ፐርሰንት ብትጨምር ትርፍ የለውም፣ የትኛውም ዓይነት ቢሆን 7 ባይት ነው የሚይዘው። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ፈዞ ከቆመብህም ቶሎ አታጥፋው፤ የማይፈለጉ ስትሪንጎችን (የጽሑፍ ዋጋዎችን) እየጠረገ ይሆናል፣ ስትሪንግ ሲበዛ ይህ ሥራ በጣም ይንቀራፈፋል።

አሮጌ ፍሎፒ፦
ባለኮከቡ ፋይል ያልተዘጋ ፋይል ነው፣ በስክራች (በተለመደው የፋይል መሰረዣ ትዕዛዝ) እንዳትሰርዘው! የብሎኮቹ ሰንሰለት መጨረሻው በትክክል አልተጻፈም። ስክራች ሰንሰለቱን እየተከተለ ብሎኮቹን «ነጻ» ሲያደርግ የሌላ ፋይል ብሎክ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ከዚያ አዲስ የምትጽፈው ነገር በደህናው ፋይል ላይ ይጻፍበታል። መድኃኒቱ ቫሊዴት ነው፦ ኦፕን 15,8,15,"ቪ0" ካልክ በኋላ ክሎዝ 15። ያልተዘጋውን ፋይል ከዝርዝሩ ያወጣና የነጻ ብሎኮቹን ሠንጠረዥ ከደህናዎቹ ፋይሎች ተነስቶ እንደ አዲስ ይሠራዋል።

ባለዲስኬት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሶርትና ዋናው ፕሮግራም አሁን አብረው እየሠሩ ነው። ቁጥሩም እንዳላችሁት 2051 ሆነ። ጋሼ አሮጌ ፍሎፒ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው መረጃ ግን ያስፈልገኝ ነበር። ቫሊዴት ካደረግኩ አልቆለታል ማለት ነው?

አሮጌ ፍሎፒ፦
አይዞህ፣ መጀመሪያ አንብበው። 1541 ድራይቭ (የኮሞዶር ዲስክ ማንበቢያ) ያልተዘጋ ፋይልን የሚከፍትበት መንገድ አለው፤ ስሙን ስትጽፍ በንባብ ምልክቱ «አር» ፈንታ «ኤም» አድርግ፦ ኦፕን 2,8,2,"መዝገብ,ኤስ,ኤም"። («መዝገብ» ባልኩበት የፋይልህን ስም አስገባ።) ከዚያ በጌት (ፊደል በፊደል በሚያነብ ትዕዛዝ) እያነበብክ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጠው። መጨረሻው አካባቢ የሌላ ፋይል ቁርጥራጭ ወይም ትርጉም የሌለው ነገር ሊመጣ ይችላል፤ የአንተ ጽሑፍ ያለቀበትን ስታውቅ አቁመው።

ገጽ ዜሮ፦
ቫሊዴት ከማድረግህ በፊት የዲስኩን ሙሉ ቅጂ አውጣ። ዲስኩ የጂኦስ (ለኮሞዶር 64 የተሠራ በሥዕልና በመስኮት የሚሠራ ሥርዓት) ከሆነ ወይም በዝርዝሩ ላይ የማይታይ መረጃ በቀጥታ ብሎኮች ላይ የሚያስቀምጥ ጌም ካለበት ደግሞ ጭራሽ አትንካው፤ ቫሊዴት እነዚያን ብሎኮች ባዶ ናቸው ብሎ ይመዘግባቸዋል። የአንተ ዲስክ ተራ ፋይሎች ብቻ ከያዘ ግን አትስጋ።