ሜዳው ሲከፈት ወንበሩን ማን ይሞላዋል? የጎንደር ደጋፊዎች የጋራ ሰነድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እሑድ በተስማማነው መሠረት ለክለባችን ቦርድ፣ ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት እና ለፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር የምናስገባውን ሰነድ ጀምሬዋለሁ። የሚጨመረውንም የሚሰረዘውንም እዚሁ ጻፉልኝ።

ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦችን በጥቂት ከተሞች እያሰባሰበ ሲካሄድ ቆይቷል። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣው በዚያው ዓመት ነው፤ አብዛኛው ጎንደሬ ግን ያንን ጉዞ የተከታተለው በቴሌቪዥን ነው። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረው የበኩር ልጄ ዛሬ ድምፁ ጎርንኗል። የተጫዋቾቹን ስም በቃሉ ያውቃል፣ ክለቡ ሲሸነፍ እራት አይበላም። ሆኖም የትኛው በር ወደየትኛው መቀመጫ እንደሚያስገባ አያውቅም። እኔ በእሱ ዕድሜ ሳለሁ የአባቴን ካፖርት ጫፍ ይዤ ስንት ጊዜ ገብቼ ነበር! ሜዳ መሄድ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ ልማድ ነው፤ የእኛ ልማድ ደግሞ ተቋርጧል።

ስለዚህ ሰነዱ «ሜዳ አድሱልን» ብሎ እንዲጀምር አልፈልግም። ጨዋታ ወደ ጎንደር ሲመጣ ወንበሩን እንዴት እንደምንሞላው በዝርዝር የሚያሳይ ይሁን።

ጡረተኛው መምህር፣ ከፒያሳ፦

ልጄ፣ መነሻህ ደስ ብሎኛል። በረቂቁ ሁለተኛ ገጽ ላይ ግን «ተመልካች የሚቀረው በመግቢያ ዋጋ ምክንያት ነው» ብለህ ጽፈሃል። ይህን እንደገና አስብበት። ለአንድ ጨዋታ የሚከፈለውን ያህል ሰው ለቡናና ለሻይ በሳምንት ያወጣል። እኔን ሁለት ጊዜ ከመንገድ የመለሰኝ የሰዓቱ መለዋወጥ ነው። 9 ሰዓት የተባለው ጨዋታ በዋዜማው ወደ 7 ሰዓት ይዞራል፤ ቅዳሜ የተባለው ሰኞ ይሆናል። ሠራተኛ ሰው ሰኞ ከቀትር በኋላ ከየት ይመጣል?

ቀኑን ስንጠይቅም የከተማውን ሳምንት እናስታውስ። ቅዳሜ ገበያ ነው። ዓርብ የጁምዓ ሶላት አለ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበር ወይም ዝክር ይኖራል። እሑድ 10 ሰዓት ግን በየቤቱ ምሳ ተነሥቶ፣ ቡናው ሦስተኛውን ደርሶ፣ ሰው «እስቲ ወጣ ልበል» የሚልበት ሰዓት ነው። ሰነዱ ይህን ሰዓት በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ።

በሊድስ የተማረው አባል፦

መምህር፣ ስለ ሰዓት የጻፉት እንግሊዝ አገር ሳለሁ ያየሁትን አስታወሰኝ። ሊድስ ስማር ጎረቤቶቼ የሚሄዱት ወደ ራግቢ ሊግ ነበርና እኔም ተከትዬ ሄድኩ። እዚህ ብዙ ሰው ጨዋታውን ስለማያውቀው በአጭሩ ልንገራችሁ፦ በአንድ ቡድን 13 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱን የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ እስኪወድቅ ድረስ ዕድል አለው፣ ከዚያ ኳሱን ያስረክባል። ስፖርቱ ራሱን ችሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1895 ሀደርስፊልድ ውስጥ ነው። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች በአንድ ሆቴል ተሰብስበው ከነባሩ የራግቢ ማኅበር የተለዩት በደመወዝ ጉዳይ ነበር፦ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኛ ለመጫወት ከሥራ ሲቀር የሚያጣው ክፍያ ይተካለት ወይስ አይተካለት በሚለው። ከልደቱ ጀምሮ ከበር በሚገባ ገንዘብ የኖረ ስፖርት ስለሆነ፣ ተመልካች ሲጎድል ምን እንደሚደረግ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሞክሩት ኖረዋል።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። መቶ ዓመት ሙሉ በብርድና በጭቃ ወቅት ሲጫወቱ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1996 የውድድር ዘመናቸውን ወደ በጋ አዞሩት። ስንት ትውልድ የለመደውን ወቅት ለተመልካቹ ሲሉ ለወጡ። እኛ የምንጠይቀው የሰዓት ጉዳይ ከዚህ አንጻር ቀላል ነው።

ቀጥሎ ለአክሲዮን ማኅበሩ ስንጽፍ ልንጠቀምበት የምንችለው ትልቁ ነገር አለ። እነርሱም ክለቦችን በአንድ ከተማ ያሰባስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በካርዲፍ የሊጉን የአንድ ሳምንት ጨዋታዎች በሙሉ በሁለት ቀን ውስጥ በአንድ ስታዲየም አካሄዱ፤ አውስትራሊያውያንም ከ2019 ጀምሮ ብሪስቤን ውስጥ በተከታታይ ቀናት እንዲሁ ያደርጋሉ። ሰው ከየከተማው ማልያውን ለብሶ ይመጣል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ የራሱ ክለብ የማይጫወትበትንም ጨዋታ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህ ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ነው። በሌላው ሳምንት እያንዳንዱ ክለብ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ድግሱ የደመቀው የቤት ጨዋታ የለመደ ደጋፊ ስለሄደበት ነው። ስለዚህ ማሰባሰቡን የሚቃወም ሰነድ አንጻፍ። አሰባሳቢው ውድድር ይቆይ፣ ከእሱ ጎን ለጎን ለየክለቡ ጥቂት የቤት ጨዋታ ይመለስ፣ ለጎንደርም የአስተናጋጅነት ተራ ይሰጣት እንበል።

ሦስተኛው በአንድ ትኬት ሁለት ጨዋታ ማሳየት ነው። መጋቢት 6 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በሲድኒ አዲሱ የኦሎምፒክ ስታዲየም ለራግቢ ሊግ ሲከፈት ሁለት ግጥሚያዎች ተከታትለው ተካሂደው 104,583 ሰው ገባ። እኛ ከዋናው ጨዋታ በፊት የታዳጊዎችን ወይም የሴቶችን ጨዋታ ብናስቀድም፣ የእነዚያ ልጆች እናት፣ አባት፣ አጎትና የሰፈር ጓደኛ ሁሉ ቀድሞ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። እኔ የምሄድበት ሜዳ ሄዲንግሊ ይባላል። ከእኔ ፊት ባለው ረድፍ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ፣ አጠገባቸው የሻይ ፔርሙዝ። በሦስተኛው ጨዋታ ስሜን ጠየቁኝ። በአምስተኛው ሻይ ቀዱልኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ስቀር «የት ጠፋህ?» የሚለኝ ሰው ነበረኝ። የጨዋታውን ሕግ ገና በቅጡ ሳልረዳ ቋሚ ተመልካች ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

የሴት ደጋፊዎች ተወካይ፦

ወንድሜ፣ የአሮጊቷ ነገር ልቤን ነክቶታል። እኔም የራሴን ልናገር። ባለፈው ዓመት በሌላ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ሜዳ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ፊቷ ላይ ቀለም ተቀብታ ነበር። በዕረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤት ፈለግን። የሴቶች የሚል ጽሑፍ ያለበትን በር አገኘነው፤ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም እርስ በርስ ተላላኩ። ልጅቷ እግሯን አጣምራ እስከ 70ኛው ደቂቃ ድረስ ቻለችው፣ ከዚያ አለቀሰች። ወጣን። ጎሉ የገባው ባጃጅ ስንጠብቅ ነው፤ ጩኸቱን ከግንቡ ውጭ ሰማነው። ቀና ብላ አየችኝና «የእኛ ነው?» አለችኝ። እኔም አላወቅሁም።

ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ «ሴቶች ለስፖርት ያላቸውን ፍላጎት ለማነሣሣት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ይውጣልኝ። ፍላጎቱ አለ። በምትኩ የሚከፈት መጸዳጃ ቤት ከውኃ ጋር፣ በየበሩ ሴት ፈታሽ፣ ቤተሰብ አንድ ላይ የሚቀመጥበት የተለየ ቦታ ተብሎ ይጻፍ። ስድብም ጉዳይ ነው። ይህን ከመንግሥት አንጠይቅም፤ መዝሙሩን የሚመሩት ልጆች የእኛው ስለሆኑ ከእነርሱ ጋር እኛው እንነጋገር። እናትን የሚሰድብ ዜማ እየተዘፈነ እናቶች ለምን አልመጡም ማለት አይቻልም።

ገንዘብ ያዥ፦

የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች በነፃ እናስገባ የሚል ሐሳብ በውስጥ ደርሶኛል። እፈራዋለሁ። በነፃ የለመደ ሰው በኋላ ሲጠየቅ የተቀማ ይመስለዋል። በውጭ የታየ ነገር ካለ ንገሩኝ።

በሊድስ የተማረው አባል፦

ከሊድስ አጠገብ ብራድፎርድ አለ። የዚያ ከተማ የራግቢ ሊግ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1996 ስሙን ብራድፎርድ ቡልስ ብሎ ለወጠ፣ ሙዚቃና የልጆች ጨዋታ ጨመረ፣ ሰው ጎረፈለት፣ ዋንጫም በዋንጫ ላይ አነሣ። በጥር 2017 ግን ኩባንያው በዕዳ ፈርሶ ክለቡ እንደ አዲስ ጀመረ። የሞላ ሜዳ ብቻውን አላዳነውም። ፍርሃትዎ ተገቢ ነው ጋሼ።

ገንዘብ ያዥ፦

እንግዲያው የምለው ይህ ነው። ነፃ መግቢያ ከወላጅ ጋር ለሚመጡ ልጆች ብቻ ይሁን። ለአዋቂው የዓመት ትኬት አዘጋጅተን እንደ ዕድር መዋጮ በየወሩ ይከፈል። የጎንደር ሰው የዕድር ክፍያ አያሳልፍም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር አውጣ ሲባል ግን ይከብደዋል። ደረሰኙ በክለቡ ማኅተም ይውጣ፣ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ ለአባላት በአደባባይ ይነበብ። በእኔ እጅ ብቻ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ከአዘዞ የሚጽፈው አባል፦

እኛ የምንቀረው በመመለሻው ነው። ጨዋታው 12 ሰዓት ሲያልቅ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣና ታክሲ አይገኝም፤ የተገኘውም ዋጋ ይጨምራል። ከጨዋታ በኋላ ወደ አዘዞ፣ ወደ ማራኪና ወደ ቀበሌ 18 የሚሄዱ ሚኒባሶች በር ላይ ቆመው በታሪፍ እንዲጭኑ ከታክሲ ማኅበራቱ ጋር እንስማማ። ጸጥታውም ቢሆን በብርሃን ገብቶ በብርሃን መውጣትን ይጠይቃል፤ መምህር ካሉት 10 ሰዓት ይልቅ 9 ሰዓት ይሻላል።

የግንባታ ባለሙያው፦

በረቂቁ አራተኛ ገጽ ላይ «የተመልካች ብዛት ሲጨምር ጊዜያዊ የእንጨት መቀመጫ ይሠራል» የሚል አለ። ይህ እስኪወጣ ድረስ ፊርማዬን አላኖርም።

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ወገኖቻችን ሞተዋል። እዚህ ከምትጽፉት መካከል የዚያን ዕለት እዚያ የነበራችሁ ትኖራላችሁ። ብራድፎርድ ከተነሣ ዘንድም፣ በዚያው ከተማ በሌላ የእግር ኳስ ሜዳ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1985 የእንጨት ትሪቡን በእሳት ተያይዞ 56 ሰዎች አልቀዋል። እኛ ሰው ጥሩ ስንል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ሰው ያለ ሥጋት ይይዛል?» የሚለው ነው። ባለሙያ መቀመጫውን፣ መውጫ በሮቹንና ደረጃዎቹን ለክቶ ቁጥር ይስጥ፤ ከዚያ ቁጥር በላይ አንድም ትኬት አይታተም። በጨዋታ ሰዓት መውጫ በሮች ከውስጥ አይቆለፉ።

ሰው ማስተናገዱንማ እናውቅበታለን። በከተራ ታቦታቱ ሲወርዱ ምንጣፍ የሚዘረጉት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ የሚከፍቱት፣ ሽማግሌ ደግፈው የሚያሻግሩት የየሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ያንን ሥርዓት የሚያውቁ ልጆች አስተናባሪ ሆነው ቢሠለጥኑ ከየትም ሰው ማምጣት አያስፈልገንም።

ጡረተኛው መምህር፣ ከፒያሳ፦

በሰዓቱ ተረትቻለሁ፤ 9 ሰዓት ይሁን፤ ቡናውን ቀደም አድርገን እንጠጣለን። ድምፅ ማጉያን በተመለከተ ግን አንድ ቃል ይግባልኝ፦ ሙዚቃው ጨዋታው ሲጀመር ይቁም። ከበሮውና መዝሙሩ የደጋፊው ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ሁሉንም አንብቤ ዋናውን ክፍል እንደገና ጽፌዋለሁ። እነሆ፦

«እኛ የጎንደር ደጋፊዎች ሊጉ በአሰባሳቢ ከተሞች የሚያካሂደውን ውድድር ሳንቃወም፣ ለእያንዳንዱ ክለብ በውድድር ዘመኑ የተወሰኑ የቤት ጨዋታዎች እንዲመለሱ፣ ለጎንደርም የአስተናጋጅነት ተራ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ጨዋታዎቹ እሑድ 9 ሰዓት ይሁኑ፤ የተነገረ ቀንና ሰዓት ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር አይለወጥ። ከዋናው ጨዋታ በፊት የታዳጊዎች ወይም የሴቶች ጨዋታ በአንድ ትኬት ይታይ። ሜዳው የሚይዘው የሰው ብዛት አስቀድሞ በባለሙያ ይለካ፣ ከዚያ በላይ ትኬት አይሸጥ፣ ጊዜያዊ የእንጨት መቀመጫ አይሠራ። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ከውኃ ጋር በጨዋታው ሰዓት ሁሉ ክፍት ይሁን፤ ቁልፉን የሚይዘው ሰው በስም ይታወቅ። በእኛ በኩል በየወሩ የሚከፈል የዓመት ትኬት ለማሻሻጥ፣ አስተናባሪዎችን ከየሰፈሩ ለመመልመል፣ የመመለሻ ትራንስፖርት ለማመቻቸት እና ስድብን ከመዝሙራችን ለማውጣት ኃላፊነት እንወስዳለን።»

የቁልፉን ነገር ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት እህቴ። ሰነዱ እስኪመለስ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም፤ በሚቀጥለው ወር የሰፈር ታዳጊዎች ጨዋታ ስላለ፣ እያንዳንዳችን ሜዳ ገብቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ይዘን እንምጣ። አስተናባሪዎቹም በዚያው ይለማመዱ።

ከአዘዞ የሚጽፈው አባል፦

የታክሲ ማኅበራቱን ማክሰኞ አነጋግራለሁ። ከእኔ ጋር የሚሄድ አንድ ሰው ከማራኪ እፈልጋለሁ።

የሴት ደጋፊዎች ተወካይ፦

እኔ እሄዳለሁ። የእህቴን ልጅ ደግሞ ለታዳጊዎቹ ጨዋታ አስመዝግቡልኝ፤ ቀለሙን አሁንም አስቀምጣዋለች።