ፊቴ ውስጥ የገባው ክር ጉንጬን ሰረጎደው፤ ልጠብቅ ወይስ ይውጣ?

እህቶቼ፣ እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። 52 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ዱባይ ነው። ጉንጬ መውረድ ሲጀምር ፊት በክር ማንሳት የሚባለውን አሠራሁ። ትልቅ ቀዶ ጥገና አይደለም። ፊቴን አደንዝዘው በመርፌ ከቆዳዬ ሥር ፒዲኦ የሚባል ክር አስገቡ። ክሩ ጥቃቅን እሾህ አለው፤ በእሱ ከቆዳ ሥር ያለውን ሥጋ ቆንጥጦ ወደ ላይ ይስባል። በወራት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፣ በዙሪያው ግን ሰውነት ኮላጅን የሚባለውን ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን ይሠራል። እስከዚህ ገብቶኛል።

ዛሬ 16ኛ ቀኔ ነው። እብጠቱ ጎድሏል። ግን በግራ ጉንጬ፣ ከአፌ ጫፍ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ቆዳዬ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ዝም ስል አይታይም። እንጀራ ጎርሼ ሳላምጥ ግን ምስር የምታህል ጉድጓድ ትወጣለች። መቅላት፣ ትኩሳት፣ መግል የለኝም። ስነካውም አያመኝም።

ያሠራሁበት ክሊኒክ "ታገሺ" ብቻ አለኝ። ጓደኛዬ በጣትሽ ማሸት ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ ክሩ ቦታውን እንዳይለቅ ፈራሁ። የደረሰባችሁ፣ በስንት ጊዜ ተስተካከለላችሁ? ሐኪም የሆናችሁስ፣ እስከ መቼ ብጠብቅ ደህና ነው? ክሩን ማላቀቅ ካስፈለገስ ማን ጋ ልሂድ? ሌሊት ሁሉ መስታወት ፊት ነው የማድረው።